የትኛው አንደርስ? የስዊድንን የ«ሶን» ስም ምንጭና ትርጉም ደረጃ በደረጃ የማወቂያ መመሪያ

አንደርሶን የሚለው የስዊድን ስም «የአንደርስ ልጅ» ማለት ነው። ይህን ያህሉን ማንም ሰው በአንድ ደቂቃ ጠይቆ ሊረዳው ይችላል። አንደርስ የተባለው ሰው ማን እንደ ነበር፣ በየትኛው አጥቢያ እንደ ተጠመቀ፣ ስሙ ከልጁ አልፎ በልጅ ልጆቹና በሴት ዘሮቹ ላይ ሳይቀር ለምን ተጣብቆ እንደ ቀረ ማወቅ ግን ጊዜና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የዚህ መመሪያ ጉዳይም እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ስም ትርጉሙ ተገለጠ የምለው ሰውዬው ራሱ በመዝገብ ላይ ሲገኝ ነው፤ ቃሉን መፍታት መንገዱን መጀመር ብቻ ነው።

መመሪያው የተጻፈው በትውልድ፣ በጋብቻ ወይም በጉዲፈቻ እንዲህ ያለ የቤተሰብ ስም ይዘው ምንጩን ለማወቅ ለሚፈልጉ፣ እንዲሁም ለዘመድ ወይም ለወዳጅ ሊፈልጉለት ላሰቡ አንባቢዎች ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የስም አወጣጡ ሥርዓት

አብዛኛው የስዊድን ሕዝብ፣ በተለይም ገበሬው፣ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም አልነበረውም። ልጅ የራሱ ስም ይወጣለትና የአባቱ ስም ይከተለዋል። እኛ የአባትን ስም እንዳለ ስናስቀምጥ እነርሱ ግን ለወንድ ልጅ «ሶን»፣ ለሴት ልጅ «ዶተር» የሚል ቃል ይጨምሩበት ነበር፤ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ፣ ሁለተኛው ሴት ልጅ ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል አንደርስ ፔርሶን የሚባል ገበሬ አለ እንበል። ወንድ ልጁን ኒልስ፣ ሴት ልጁን አና ብሎ ቢሰይማቸው፣ ወንዱ ኒልስ አንደርሶን፣ ሴቲቱ አና አንደርስዶተር ይባላሉ። የኒልስ ልጆች ደግሞ ኒልሶንና ኒልስዶተር ይሆናሉ፤ ፔርሶን የሚለው መጠሪያ ከአንደርስ ጋር አብሮ ይቀበራል። ሚስትም ብታገባ የአባቷን ስም እንደ ያዘች ትኖራለች። በአንድ ጣሪያ ሥር አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ አራት ዓይነት መጠሪያ ቢኖራቸው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ስለዚህ ይህን ፍለጋ ስንጀምር ከብዙ አገር ሰዎች አንድ እርምጃ ቀድመን ቆመናል ማለት ይቻላል።

ሥርዓቱ የገበሬ ብቻ አልነበረም። በ1523 የስዊድን ንጉሥ ሆኖ የተመረጠውና ዛሬ ጉስታቭ ቫሳ በሚል ስም የሚታወቀው ሰው በዘመኑ ጉስታቭ ኤሪክሶን ይባል ነበር። አባቱ ኤሪክ ዮሃንሶን በ1520 በስቶክሆልም በተፈጸመው ጭፍጨፋ ከተገደሉት መኳንንት አንዱ ነው። የኤሪክ አባት ደግሞ ዮሃን ክሪስተርሶን ነው። ሦስቱን ስሞች በተራ ሲያነቡ ጉስታቭ፣ ኤሪክ፣ ዮሃን፣ ክሪስተር የሚል የአራት ትውልድ ሐረግ ያገኛሉ፤ ልክ እንደ እኛ የዘር ቆጠራ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልብ ይበሉ። «ሶን» የሚለውን ቃል በእኛ ስሞች ውስጥ ካለው «ወልደ» ጋር ማመሳሰል ያሳስታል። ወልደ ማርያም ወይም ወልደ ጊዮርጊስ የተባለ ሰው ስሙን የሚያገኘው ከቅዱሳን ጋር ካለው መንፈሳዊ ዝምድና ነው፤ ስሙ የሥጋ አባቱን አይነግረንም። የስዊድኑ ሶን ግን ሲጀመር የሚናገረው ስለ ሥጋ አባት ብቻ ነበር።

አንደኛ እርምጃ፦ ቃሉን ይክፈሉ

የያዙትን ስም በስዊድን ፊደል እንደ ተጻፈው በወረቀት ላይ ያስፍሩና በመጨረሻ ያለውን «ሶን» ይለዩ። አብዛኞቹ ስሞች በመካከል ሁለት የ«ኤስ» ፊደል አላቸው። ኤሪክሶን በሚለው ስም የመጀመሪያው ኤስ እንደ አማርኛው «የ» ባለቤትነትን ያሳያል፤ ሁለተኛው «ሶን» የሚለው ቃል መነሻ ፊደል ነው። አንደርስ፣ ኒልስ፣ ላርስና ሃንስ ግን ራሳቸው በኤስ ስለሚያልቁ ሌላ የባለቤትነት ኤስ አይጨመርባቸውም፤ የመጀመሪያው ኤስ የአባትየው ስም አካል ነው። ይህ ጥቃቅን ነገር የሚጠቅመው የአባትየውን ስም በትክክል ለመለየት ነው፤ ከኤሪክሶን የሚወጣው ኤሪክ ሲሆን ከኒልሶን የሚወጣው ግን ኒል ሳይሆን ኒልስ ነው።

የፊደሉ ቁጥር ስለ አገርም ይናገራል። በ«ሴን» የሚያልቁ እንደ ሃንሰን ያሉ ስሞች በአብዛኛው የዴንማርክ ወይም የኖርዌይ ናቸው። በአንድ ኤስ የተጻፈ ስም ሲያገኙ ስሙ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እንደ ነበር ይጠርጥሩ፤ ወደዚህ ጉዳይ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ስሙን በጆሮ ብቻ ሰምተው ከሆነ ደግሞ ይጠንቀቁ። በብዙው የስዊድን ክፍል «አር» እና «ኤስ» ሲገናኙ ድምፃቸው ተዋሕዶ ወደ «ሽ» ይለወጣል። ስለዚህ ስቶክሆልም ውስጥ «አንደሾን»፣ «ላሾን»፣ «ፔሾን» ብለው የሰሟቸው ስሞች በጽሑፍ አንደርሶን፣ ላርሶንና ፔርሶን ናቸው።

ሁለተኛ እርምጃ፦ በውስጡ ያለውን ስም ይወቁ

ከሶን በፊት የቀረው ስም ከሁለት ምንጮች ከአንዱ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ክርስትና ወደ አገሩ ከገባ በኋላ የመጡት የቅዱሳን ስሞች ናቸው። እነዚህ በቤተ ክርስቲያን ላደገ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የታወቁ ናቸው፤ የስዊድን አፍ ስለ ቀየራቸው ብቻ እንግዳ ይመስላሉ። አንደርስ ማለት እንድርያስ ነው። ፔር፣ ፔተርና ፔደር ሁሉም ጴጥሮስ ናቸው፤ ፔርሶንና ፔተርሶን የሚሉት ሁለት ስሞችም በትርጉም «የጴጥሮስ ልጅ» ከማለት አይለዩም። ኒልስ የኒቆላዎስ አጭር መልክ ነው። ማትሶን ከሚለው ስም የሚወጣው ማትስ ደግሞ ከማትያስ ወይም ከማቴዎስ የመጣ ነው። ላርስ ከላቲኑ ላውሬንቲዩስ፣ ቤንግት ከቤኔዲክቱስ፣ ሞንስ ታላቅ ማለት ከሆነው ከማግኑስ ተቆርጠው ወጥተዋል።

ከሁሉ የበዛው የቅዱስ ዮሐንስ ስም ነው። ከዚህ ከአንዱ ስም ዮሃን፣ ያን፣ ዮን፣ የንስና ሃንስ የሚሉ አምስት መልኮች ወጥተዋል፤ ከእነርሱም ዮሃንሶን፣ ያንሶን፣ ዮንሶን፣ የንሶንና ሃንሶን የሚሉ የቤተሰብ ስሞች ተገኝተዋል። አምስቱም በአማርኛ «የዮሐንስ ልጅ» ከመባል አያልፉም።

ሁለተኛው ምንጭ ከክርስትና በፊት የነበረው የጥንቱ የሰሜን ሕዝቦች ቋንቋ ነው። ስቬን ወጣት፣ ጎረምሳ ማለት ነው። ኤሪክ በውስጡ ገዢ የሚል ትርጉም ይዟል። ኦሎፍ የአያት ቅድመ አያት ወራሽ ወይም ዘር የሚል ሐሳብ አለው፤ ኦሎፍሶንና ኦልሶን ከእርሱ የወጡ ናቸው። ካርል ከጀርመን ቋንቋዎች የመጣ ሲሆን ወንድ፣ ነጻ ሰው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች ፍለጋውን ያቆማሉ፤ ኤሪክሶን የሚለውን «የገዢው ልጅ» ብለው ተርጉመው ቤተሰቡ የገዢ ዘር ነው ይላሉ። ይህ ስህተት ነው። ኤሪክ የሚለውን ስም የያዘው ሰው በአንድ ተከራይ ጎጆ ውስጥ ድንች የሚያበቅል ጭሰኛ ሊሆን ይችላል፤ ወላጆቹም ስሙን ያወጡለት ለአያቱ መታሰቢያ ብለው ይሆናል። በየቦታው የተለመደው አሰጣጥ የመጀመሪያውን ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛውን በእናቱ አባት ስም መጥራት ነበር። የስሙ ቃላዊ ትርጉም የስሙን ታሪክ ይነግራል፤ የቤተሰቡን ታሪክ ግን አይነግርም።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የስሙ መልክ ወዴት እንደሚጠቁም ይመልከቱ

ከዮሐንስ አምስት መልኮች መካከል የንስ የሚለው የደቡቡ የስኮኔ ክፍለ ሀገር መለያ ነው። ስኮኔ እስከ 1658 የዴንማርክ ግዛት ነበረች፤ በዚያው ዓመት በሮስኪልደ በተፈረመው የሰላም ውል ወደ ስዊድን ተላለፈች። በዴንማርክም የዚህ ስም አቻ እስከ ዛሬ ተራ ስም ነው። ስለዚህ የንሶን የሚል ስም የያዘ ሰው ፍለጋውን ከደቡብ ቢጀምር ብዙ ጊዜ አይከስርም። ይሁንና ሰዎች ይዘዋወራሉ፤ የስሙን መልክ እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማስረጃ አይውሰዱት።

የፊደል አጻጻፍ ልዩነት ግን ከዚህም ያነሰ ክብደት አለው። ካርልሶን አንዳንዴ በ«ኬ» አንዳንዴ በ«ሲ» ይጻፋል፤ ኤሪክሶንም እንዲሁ፤ ጉስታፍሶን በ«ኤፍ» ወይም በ«ቪ» ይጻፋል። የጥንት ቄሶች ያንኑ ሰው በአንድ ገጽ በአንድ መንገድ፣ በቀጣዩ ገጽ በሌላ መንገድ ይጽፉት ነበር። «እኛ በሲ የምንጽፈው ሌሎች ነን» የሚለው የቤተሰብ ወግ በመዝገብ ፊት ብዙ ጊዜ አይጸናም።

አራተኛ እርምጃ፦ ስሙ የቆመበትን ትውልድ ይገምቱ

ይህ የመመሪያው ዋና ቁልፍ ነው። ዛሬ አንደርሶን የሚባለው ሰው አባቱ ብዙውን ጊዜ አንደርስ አይደለም፤ አያቱም ላይሆን ይችላል። በሆነ ትውልድ ላይ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ መቀያየሩን አቁሞ እንደ በረዶ ረግቶ ቀርቷል። እርስዎ የሚፈልጉት ያን ትውልድ ነው፤ አንደርስ የሚገኘው ከዚያ አንድ ትውልድ ከፍ ብሎ ነውና።

መርጋቱ በአንድ ቀን አልሆነም። በከተማና በተማሩ ቤተሰቦች ዘንድ ቀደም ብሎ፣ በገጠር ግን በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ተፈጸመ። በ1901 የወጣው የቤተሰብ ስም ድንጋጌ ስም የሚያዝበትን ሥርዓት ሲደነግግ የድሮው ልማድ በብዙ ቦታ ወደ ማብቂያው ደርሶ ነበር። ለዚህም ነው ዛሬ ከአገሪቱ በጣም የተለመዱት የቤተሰብ ስሞች አንደርሶን፣ ዮሃንሶን፣ ካርልሶን፣ ኒልሶንና ኤሪክሶን የሆኑት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እያንዳንዳቸውን ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሰዎች ይዘዋቸዋል። እነዚህ ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም። በመርጋቱ ዘመን በየመንደሩ አንደርስ የሚባል አባት የነበራቸው እጅግ ብዙ ሰዎች ስለ ነበሩ ብቻ አንድ መጠሪያ ተጋርተዋል።

ስም መርጋቱን የሚያረጋግጡበት ቀላል ፈተና አለ፤ የሰውዬውን መጠሪያ ከአባቱ የመጀመሪያ ስም ጋር ያነጻጽሩ። በ1803 በቬርምላንድ የተወለደው ታዋቂው መሐንዲስ ዮን ኤሪክሶን አባቱ ኦሎፍ ኤሪክሶን ነበር። በድሮው ልማድ ቢሆን ኖሮ ዮን ኦሎፍሶን በተባለ ነበር፤ ስለዚህ በዚህ ቤተሰብ ስሙ ቀደም ብሎ ረግቷል ማለት ነው። ሴት ሆና በሶን የምትጠራ ሰው ስታገኙም ነገሩ ያለቀ ነው፤ ሴት የማንም ወንድ ልጅ ልትሆን አትችልምና። ግሬታ ጋርቦ በሚል ስም የታወቀችው ተዋናይት በ1905 ስቶክሆልም ስትወለድ የተመዘገበችው ግሬታ ጉስታፍሶን ተብላ ነው። አባቷ ካርል ጉስታፍሶን ስለ ነበር በጥንቱ ሥርዓት ካርልስዶተር በሆነች ነበር። ጉስታፍን ለማግኘት ከካርል ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ፍለጋውን ከቅርቡ ሰው ይጀምሩ

ሦስት ነገሮችን ይዘው ይነሡ፦ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና የትውልድ አጥቢያ። ከሦስቱ ዋናው አጥቢያው ነው። በስዊድን የሕዝብ መዝገብ ለብዙ መቶ ዓመታት በቤተ ክርስቲያን እጅ ስለ ነበር ያለ አጥቢያ ስም ኒልስ አንደርሶንን መፈለግ በመርካቶ መካከል ቆሞ «አበበ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው፤ ብዙ ሰው ዞሮ ያያል፤ የሚፈልጉት ግን የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም።

እነዚህን መረጃዎች በቤት ውስጥ ካሉ አሮጌ ሰነዶች ይሰብስቡ፤ የክርስትና ወረቀት፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈ የልደት ቀን፣ የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ሁሉ ይጠቅማሉ። ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ «ከየት መጣን?» ከማለት ይልቅ «አያትህ የተቀበሩት የት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የቦታ ስም ነው። የሕዝብ ምዝገባው ከሐምሌ 1 ቀን 1991 ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ ወደ ስካተቬርኬት ስለ ተላለፈ የቅርብ ዘመን ማስረጃ የሚጠየቀው ከዚያ ነው። ከ70 ዓመት በታች በሆኑት የሕዝብ መዝገቦች ውስጥ የሰዎችን ምስጢር የሚጠብቅ ገደብ እንዳለ ይወቁ። ከዚያ የቆዩት መዝገቦች ግን ሪክስአርኪቬት በሚባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ ፎቷቸውም ከ2018 ጀምሮ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይታያል። አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የአጥቢያውን መዝገብ ያንብቡ

በ1686 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ቄስ የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ፤ በአንዳንድ ቦታዎች፣ በተለይም በቬስቴሮስ ሀገረ ስብከት፣ ሥራው ከ1620ዎቹ ጀምሮ ነበር። ከእነዚህ ሌላ የስዊድንን መዝገብ ከብዙ አገሮች መዝገብ ልዩ የሚያደርገው የቤተሰብ ምርመራ መዝገብ አለ። ቄሱ ምእመናንን በየቤተሰቡ እየጠራ የማንበብ ችሎታቸውንና የሉተርን ትምህርተ ሃይማኖት ማወቃቸውን ይፈትን ነበር፤ ውጤቱን የሚጽፍበትም ይኸው መዝገብ ነው።

አንድ ገጽ ሲከፍቱ የሚያዩትን ልግለጽ። ከላይ የመንደሩና የእርሻው ስም በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ በግራ በኩል አባወራው ይመጣል፤ ከስሙ በፊት ገበሬ፣ ጭሰኛ ወይም ወታደር የሚል አጭር ቃል ይቀድማል። ቀጥሎ ሚስቱ ከአባቷ ስም ጋር፣ ከዚያ ልጆቹ በዕድሜ ተራ ይሰፍራሉ፤ ለልጆቹ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ስማቸው ብቻ ይጻፋል፤ አባታቸው እዚያው በላያቸው አለና። ከልጆቹ በታች ሠራተኛ ወንዶችና ሴቶች ይከተላሉ። በቀኝ በኩል የትውልድ ዓመት፣ የትውልድ አጥቢያ፣ የንባብና የትምህርተ ሃይማኖት ምልክቶች፣ ከየት መጡ፣ ወዴት ሄዱ የሚሉ ዓምዶች ተሰልፈዋል። አንዳንዱ ስም በረጅም መስመር ተሰርዟል። አዲስ አንባቢ ይህን እንደ ስህተት ያያል፤ ስረዛው ግን ያ ሰው ሞቷል ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል ማለት ነው። የሄደበትን ከዓምዱ ያንብቡና የዚያን መንደር ገጽ ይክፈቱ። ሰውን ከገጽ ወደ ገጽ፣ ከመንደር ወደ መንደር የሚከተሉት እንዲህ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሰውዬውን በምርመራው መዝገብ ያግኙ፤ የትውልድ ቀኑንና አጥቢያውን ይዘው ወደ ዚያ አጥቢያ የጥምቀት መዝገብ ይሂዱ፤ በዚያ የአባትና የእናቱን ስም ከመንደራቸው ጋር ያገኛሉ፤ አባቱን ይዘው እንደ ገና ወደ ምርመራው መዝገብ ይመለሱ። በየትውልዱ «የልጁ መጠሪያ ከአባቱ የመጀመሪያ ስም ጋር ይገጥማል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የማይገጥም ከሆነ ስሙ ረግቷል፤ አሁንም ወደ ላይ ይውጡ። የገጠመበት የመጀመሪያው ቦታ ላይ ሲደርሱ የፈለጉትን አንደርስ አግኝተዋል።

ሦስት ችግሮች እንደሚገጥሙዎት ልንገርዎ። የመጀመሪያው ፊደሉ ነው፤ የ18ኛው መቶ ዘመን ቄሶች የእጅ ጽሑፍ ከዛሬው ይለያል፤ ስሞችንም ያሳጥራሉ። አስቀድመው የሚያውቁትን አንድ ስም በገጹ ላይ ፈልገው ከእርሱ ፊደላት ሌላውን መፍታት ይልመዱ። ሁለተኛው ቀኑ ነው፤ በአሮጌዎቹ መዝገቦች ልጁ የተጠመቀበት ቀን «ከሥላሴ በኋላ ሦስተኛው እሑድ» በሚል መልክ በበዓል ስም ሊጻፍ ይችላል። በበዓል ቀን መቁጠር ለእኛ እንግዳ ባይሆንም ወደ ቀን ለመለወጥ የዚያን ዓመት የፋሲካ ቀን ማወቅ ይጠይቃል። ስዊድን የጎርጎርዮስን አቆጣጠር የተቀበለችው በ1753 በመሆኑም በዚያ ዓመት ከየካቲት 17 ቀጥሎ የመጣው መጋቢት 1 ነው። ሦስተኛውና ከባዱ የስሞች መመሳሰል ነው። ልጅ በአያቱ ስም ስለሚጠራ አንደርስ ኒልሶን፣ ኒልስ አንደርሶን፣ እንደ ገና አንደርስ ኒልሶን እያለ ይሄዳል፤ በአንድ አጥቢያም በአንድ ዘመን የሚኖሩ ሁለት ሦስት ኒልስ አንደርሶኖች ይገኛሉ። መለያው የእርሻው ስም፣ የሚስት ስምና የትውልድ ቀን ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ካልገጠሙ ሰውዬውን «የእኔ ነው» አይበሉ። አንድ የተሳሳተ ኒልስ ከላዩ ያለውን ትውልድ ሁሉ ያበላሻል፤ ለብዙ ሳምንታት የሠሩትንም በአንድ ጊዜ ያጠፋል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ሐረጉ ሲቋረጥ

አንዳንዴ ሰውዬው ጠፍቶ ሳይሆን ስሙን ቀይሮ ነው። በ1680ዎቹ ንጉሥ ካርል 11ኛ ባቋቋሙት የወታደር አያያዝ ሥርዓት ጥቂት እርሻዎች ተባብረው አንድ ወታደር ከነጎጆው ይይዙ ነበር። በአንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ሃያ አንደርሶኖች ሲሰለፉ አዛዡ ማንን እንደሚጠራ ስለሚቸገር ለወታደሩ አጭር መጠሪያ ይሰጠዋል፤ ስቶል ብረት፣ ራስክ ፈጣን፣ ሞዲግ ደፋር ማለት ነው። ስለዚህ ኒልስ አንደርሶን በሃያ ዓመቱ ኒልስ ራስክ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ልጆቹ አንዳንዶቹ ራስክ፣ አንዳንዶቹ ኒልሶን ተብለው ሊቀጥሉ ይችላሉ። የጎጆው መጠሪያ ለተተኪው ወታደር የሚተላለፍበት ጊዜም ስለ ነበር በአንድ ጎጆ ተከታትለው የኖሩ ሁለት ራስኮች ዝምድና የላቸው ይሆናል።

ወደ ትምህርት የገባ ልጅም የአባቱን ስም ይተው ነበር። የታወቀው ምሳሌ የዕፅዋት ሊቁ የካርል ሊኔዩስ አባት ነው። የገበሬ ልጅ የነበረው ኒልስ ኢንጌማርሶን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የቤተሰብ ስም ስላስፈለገው በትውልድ ቀዬው ከነበረ አንድ ትልቅ የሊንድ ዛፍ ሊኔዩስ የሚል የላቲን ስም አወጣ። ይህ ባይሆን ኖሮ በ1707 በስሞላንድ የተወለደው ልጁ ካርል ኒልሶን ተብሎ በቀረ ነበር።

ሴቶችን በተመለከተ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ አና ፔርስዶተር የነበረችው ሴት በቀጣዩ መዝገብ አና ፔርሶን ተብላ ትገኛለች፤ ያቺው ሴት ናት። ከጋብቻ ውጪ ለተወለደ ልጅ አንድ ወጥ ደንብ ስላልነበረ የእናቱን አባት ወይም አባቱ ነው የተባለውን ሰው ስም ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ሁለቱንም ይሞክሩ።

ሐረጉ የሚቋረጠው አሜሪካ ከሆነ ስሙን ወደ ኋላ ይመልሱት። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እስከ 1920ዎቹ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስዊድናውያን ወደዚያ ተሰደዋል፤ ብዙዎቹም ዮሃንሶን ጆንሰን፣ ኒልሶን ኔልሰን፣ ስቬንሶን ስዋንሰን፣ ፔርሶን ፒርሰን ሆነዋል። ቄሱ ግን ተሰዳጁ ሲሄድ ከአጥቢያው በሚወጡ ሰዎች መዝገብ ላይ «ሰሜን አሜሪካ» ብሎ በጥንት ስሙ ጽፎታል።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ስሙን ዛሬ መያዝ ለሚፈልጉ

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የስዊድን የስም ሕግ ከአባት ወይም ከእናት የመጀመሪያ ስም ላይ ሶን ወይም ዶተር ጨምሮ የቤተሰብ ስም ማውጣት ይፈቅዳል፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ለስካተቬርኬት ነው። ወደ ስዊድን ለሄዱ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦች ነገሩ የሚያስተውሉት ነው፤ አባት በፓስፖርቱ ላይ ያለው የአባቱ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲመዘገብና ልጁ በአያቱ ስም ሲጠራ የእኛም ስም እንደ አንደርሶን መርጋት ጀምሯል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያላችሁ ወላጆች በመዝገቡ ላይ ያለው ስም የማን እንደ ሆነ ከነትውልድ ቦታው በወረቀት ጽፋችሁ ለልጆቻችሁ እንድታስቀምጡ ከልብ እመክራለሁ።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ያገኙትን ይጻፉ

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ይስጡ፤ ሙሉ ስሙን መዝገቡ ላይ እንደ ተጻፈው፣ የተወለደበትን ቀን፣ አጥቢያውን፣ የእርሻውን ስም፣ ያገኙበትን መዝገብና የገጽ ቁጥር ያስፍሩ። ስሙ በረጋበት ትውልድ ላይ ምልክት ያድርጉ። ያላረጋገጡትን በእርሳስ፣ ያረጋገጡትን በቀለም ይጻፉ።

ሐረጉ ለአብዛኛው ሰው የሚያበቃው በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወይም በ18ኛው መጀመሪያ አካባቢ፣ የአጥቢያው መዝገብ በሚጀምርበት ወይም በእሳት በጠፋበት ቦታ ነው። ከዚያ ወዲያ የግብርና የፍርድ ቤት መዝገቦች ቢኖሩም ሰውን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ ስሙና በመንደሩ ብቻ ስለሚጠሩት ማዛመዱ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያገኙት ሰው አንደርስ ኒልሶን ከሆነ ከእርሱ በላይ አንድ መስመር ይጨምሩና ኒልስ ብለው ይጻፉ። ቀኑን፣ አጥቢያውንና ገጹን ባዶ ይተዉት፤ የእርሱ ገጽ የለም፤ ስሙን ግን ልጁ ይዞት መጥቷል።